የድሮ ገልባጭ መኪና ትዝታ የጤና መዝገብም ነው

ለረጅም ዓመታት በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ገልባጭ መኪና የነዱ ሰዎችን ስለ ሥራቸው ብትጠይቋቸው፣ ወሬውን የሚጀምሩት ከደመወዙ ሳይሆን ከመኪናው ነው። ጎማው ከሰው ቁመት ይበልጥ እንደነበር፣ ወደ ጋቢናው ለመውጣት መሰላል ያስፈልግ እንደነበር፣ ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ደረት ውስጥ ይሰማ እንደነበር ይነግሯችኋል። በዚህ ነገር የአሜሪካና የካናዳ አዛውንት ኦፕሬተሮችም፣ እዚህ በነገብ የሠሩ የእኛ ሰዎችም አንድ ናቸው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ስለ መኪና የማውቀው ከእነሱ ከሰማሁትና ካነበብኩት ነው። ትዝታቸውን ስሰማ ግን፣ በሕክምና መዝገባቸው ላይ ማንም ያልጻፈውን የጤና ታሪክ አብሬ እሰማለሁ።

የምናወራው በአውራ ጎዳና ስለምናያቸው የጭነት መኪናዎች አይደለም። የማዕድን ገልባጭ መኪናዎች ስፋታቸውና ክብደታቸው በሕዝብ መንገድ ላይ እንዲሄዱ አይፈቅድላቸውም። ከጉድጓዱ እስከ ድንጋይ መፍጫው፣ ያንኑ የአፈር መንገድ ቀኑን ሙሉ ይመላለሱበታል። በዚህ ሥራ ቀድሞ ስሙ የገነነው በኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ ይሠራ የነበረው አረንጓዴው ዩክሊድ ነው። ኩባንያው ከመንገድ ውጭ የሚሠራ ገልባጭ መኪናውን በ1934 አወጣ። ከዚያ በፊት በትልልቅ ጉድጓዶች ማዕድን የሚጓጓዘው በአብዛኛው በባቡር ነበር፤ ባቡር ደግሞ ቁልቁለትና ዳገት አይወድም። በሚኒሶታ የብረት ማዕድን ጉድጓዶች ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መኪናው የባቡሩን ቦታ ይወስድ ጀመር። ዩክሊድን በ1953 ጄኔራል ሞተርስ ገዛው፤ በኋላም ኩባንያው የመንግሥት ክስ ስለቀረበበት የዩክሊድን ስም በ1968 ለሌላ ሸጦ፣ ለራሱ መኪናዎች ቴሬክስ የሚል አዲስ ስም አወጣ።

የቴሬክስ ስም ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው ታይታንን ነው። በ1974 በካናዳ ተሠራ፤ ከእሱ ሌላ ሁለተኛ አልተሠራም። ወደ 317 ቶን ይጭን ነበር፤ ሞተሩ 3,300 የፈረስ ጉልበት ያለው የባቡር ሞተር ነው። መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የብረት ማዕድን፣ ከዚያ በካናዳ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠርቶ በ1991 ጡረታ ወጣ። ዛሬ ስፓርውድ በምትባል የካናዳ ከተማ ቀለሙ ታድሶ ቆሟል፤ ቱሪስቶችም ጎማው ሥር ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። የነጂዎቹን ጀርባ ግን ማንም ቀለም አልቀባውም።

አሁን ወደ ጋቢናው እንውጣ፤ ትዝታው ያለው እዚያ ነው።

በድሮዎቹ መኪናዎች ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ባሌስትራ ነበር። ባሌስትራ ከባድ ጭነት እንዲችል ተደርጎ ስለሚሠራ፣ መኪናው ባዶውን ሲመለስ አይተጣጠፍም፤ ያን ጊዜ የመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ በቀጥታ ወደ መቀመጫው ይመጣል። ስለዚህ ነው አዛውንቶቹ ጭነት ይዞ መውጣት ከባዶ መመለስ ይሻል ነበር የሚሉት። በ1957 አካባቢ ሆልፓክ የተባለው መኪና ሲመጣ ባሌስትራው ቀርቶ በዘይትና በናይትሮጅን ጋዝ የሚሠራ ሲሊንደር ገባ። ልዩነቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ሁለቱን የነዳ ሰው በወገቡ ያውቀዋል።

ከመንገዱ ሌላ ደግሞ የመጫኛው ሰዓት አለ። ኦፕሬተሩ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ስካቫተሩ ከበላዩ ዞሮ ድንጋዩን ካሶኒው ላይ ይለቀዋል። ትልቅ ድንጋይ በባዶ ካሶኒ ላይ ሲወድቅ መኪናው በሙሉ ይነቀነቃል፤ ነጂው ጥርሱን ነክሶ ይይዘዋል። ጥሩ የስካቫተር ሠራተኛ መጀመሪያ ደቃቁን አፈር እንደ ፍራሽ ያነጥፍና ድንጋዩን በላዩ ያደርጋል። ኦፕሬተሮች ከሃምሳ ዓመት በኋላም የደጉንና የክፉውን ጫኝ ስም አይረሱም፤ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአከርካሪ አጥንት ጉዳይ ስለሆነ ይመስለኛል።

ስለ ፍሬን የሚያወሩትን ሁሉ ብጽፍ ገጹ አይበቃም። ተጭኖ ቁልቁለት በሚወርድ መኪና ላይ ፍሬን ከተደጋገመ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቆማል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዘይት የሚቀዘቅዝ ፍሬን ያላቸው መኪናዎች መጡ። ሌክትራ ሆል በሚባለው በናፍጣና በኤሌክትሪክ በሚሠራው መኪና ደግሞ ጎማውን የሚያዞረው ሞተር ቁልቁለት ላይ ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጪ ሆኖ መኪናውን ያዘገየዋል፤ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በፊት የነበሩት ነጂዎች ቁልቁለቱን የሚወርዱት በትንሽ ማርሽ፣ እየተጠነቀቁና እየጸለዩ ነበር። በቀኝ በኩል ያለው ነገር ከጋቢናው ስለማይታይም፣ በጉድጓዱ ውስጥ የሚዞሩ ትንንሽ መኪናዎች ረጅም ዘንግ ላይ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አለ።

እኔ ቆም የምለው ግን ስለ ድምፁ ሲነሳ ነው። በብዙዎቹ የድሮ መኪናዎች ላይ የነበረው የዲትሮይት ዲዝል ሞተር ሁለት ምት ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር በእያንዳንዱ ዙር ይተኩሳል። አራት ምት የሆነው የተለመደው ሞተር የሚተኩሰው በሁለት ዙር አንዴ ነው። ስለዚህ ያኛው ሞተር አይጮህም፣ ያፏጫል፤ አሜሪካኖቹ ጯሂው ጂሚ ብለው ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ጋቢናው በደንብ የማይዘጋ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ክፍት ነበር። ኦፕሬተሩ ማርሽ የሚቀይረው ድምፁን ሰምቶ ነው። “ሞተሩን በጆሮዬ አውቀው ነበር” ሲሉ በኩራት ነው፤ ኩራቱም ይገባቸዋል። ሆኖም ያ ጆሮ ሞተሩን እያዳመጠ ሳለ እየተጎዳ ነበር።

በጩኸት የሚመጣ የመስማት ችግር አያምም፣ አይደማም፣ በአንድ ቀንም አይመጣም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ በምርመራው ወረቀት ላይ 4,000 ኸርዝ አካባቢ እንደ ጉድጓድ ሆኖ ይታያል። በቋንቋችን ቀጭን የሆኑት ስ፣ ፍ፣ ሽ፣ ት ናቸው። ሰውየው ሰው ሲናገር ይሰማል፣ ግን ቃሉ ይምታታበታል፤ “ሠራ” ሲሉት “ፈራ” ያሉት ይመስለዋል። ቤተሰብ ደግሞ አባባ ሆን ብሎ ዝም አለን፣ ተቆጣ፣ ወይም ልቡ ሸፈተ ይላል። ወደ ክሊኒክ ሲመጡም “ዕድሜ ነው” ብለው ያልፉታል። ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሃያ ዓመት በጩኸት ውስጥ የሠራ ሰው፣ ዕድሜ ብቻ ነው ብሎ ከመተው በፊት ሊያደርገው የሚገባ ነገር አለ።

በዚህ አገር ደንብ መሠረት በሥራ ቦታ ለስምንት ሰዓት የሚፈቀደው የጩኸት መጠን 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በሆነ ጩኸት ሠርተው የመስማት ችሎታቸው በእያንዳንዱ ጆሮ ቢያንስ 20 ዴሲቤል የቀነሰባቸው ሰዎች፣ ጉዳቱ የሥራ ጉዳት ሆኖ እንዲታወቅላቸው ለቢቱዋሕ ለኡሚ ማመልከት ይችላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር የጊዜ ገደቡ ነው። ሕጉ 12 ወር ይሰጣል፤ ቆጠራው የሚጀምረውም ሰውየው ስለ መብቱ ካወቀበት ቀን አይደለም። የመስማት ጉዳቱ መጀመሪያ በሕክምና መዝገብ ላይ የተጻፈበት ቀን፣ ወይም በሕክምና ኮሚቴው አስተያየት መስማት መቀነስ የጀመረበት ቀን፣ ከሁለቱ የቀደመው ይያዛል። የጆሮ ምርመራ አድርጎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ሳያውቀው መብቱን እያቃጠለ ነው። እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በዕብራይስጥ ስለተጻፉ ያልተነበቡ፣ ለልጅም ያልታዩ።

ትዝታው ጥቅም ላይ የሚውለው እዚህ ነው። የሥራ ጤና ሐኪም የሚፈልገው “መኪና ነድቻለሁ” የሚለውን ብቻ አይደለም። ከስንት ዓመት እስከ ስንት ዓመት፣ ምን ዓይነት መኪና፣ ጋቢናው ክፍት ወይስ ዝግ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ የጆሮ መከላከያ ተሰጥቶ ነበር ወይ፣ ከዚያ በፊትና በኋላስ ምን ሠሩ፤ ጥያቄው ይህ ነው። ሻይ ላይ ለልጅ ልጅ የሚወራው ታሪክ መልሱን ሁሉ ይዟል። አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ አባታችሁን ጠይቁና ጻፉት፤ ከድሮ የደመወዝ ወረቀትና ከመኪናው ጋር ከተነሱት ፎቶ ጋር አድርጉት። ወደ ሕክምና ኮሚቴ ከመቅረብ በፊት ያለ ክፍያ የሚመክር ማዕከል ቢቱዋሕ ለኡሚ አለው፤ ያድ መኻቬኔት ይባላል። ከካሳው መቶኛ እወስዳለሁ የሚል ደላላ ጋር ከመፈረም በፊት እሱን ሞክሩ።

የጀርባው ነገር ከጆሮው ይከብዳል። የተቀመጠ ሰው አከርካሪ በሴኮንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ በሚመላለስ ንዝረት በተለይ ይናወጣል፤ በአፈር መንገድ ላይ የሚሄድ ከባድ መኪና ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ንዝረት ይሰጣል። ንዝረቱ የታችኛውን ወገብ እንደሚጎዳ በሕክምና ይታወቃል። ነገር ግን የወገብ ሕመም መኪና ያልነዳውንም ስለሚይዘው፣ ከሥራው የመጣ መሆኑን ማስረዳት ረጅም ክርክር ይጠይቃል። ስለዚህ ያለ ሕግ ባለሙያ እንድትገቡበት አልመክርም።

አቧራውንም አንርሳ። በነገብ ፎስፌት በሚወጣበት አካባቢ የባልጩት ድንጋይ ንብርብር አለ፤ ባልጩት ደግሞ ሲሊካ ነው። የሲሊካ ደቃቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ያበጃል፤ ሕመሙም ከሥራው ከወጡ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊታይ ይችላል። በዚህ ሥራ ቆይቶ ዛሬ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው፣ ድሮ ምን እንደሠራ ለሐኪሙ ይንገረው። ሐኪሙ ካልጠየቀም ይንገረው።

የዛሬው መኪና ሌላ ነው። ጋቢናው ዝግ ነው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ መቀመጫው በአየር ይንሳፈፋል። በዲሞና፣ በየሩሐምና በአራድ አካባቢ ያሉ ልጆቻችን ወደዚህ ሥራ ለመግባት ሲጠይቁኝ አላስፈራራቸውም፤ እንጀራ የሚያበላ ሙያ ነው። የምለው ይህን ነው፦ ሥራ ስትጀምሩ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የጆሮ ምርመራ ይደረግላችሁ፤ ቅጂውንም ቤታችሁ አስቀምጡ። በኋላ የሚመጣ ለውጥ የሚታወቀው ከመነሻው ጋር ሲነጻጸር ነው። መቀመጫውን በክብደታችሁ ልክ አስተካክሉ፤ ካለፈው ፈረቃ ነጂ በሰላሳ ኪሎ ከተለያያችሁ መቀመጫው እናንተን አይሸከምም። መስኮት ከፍቶ መንዳት ቢያምራችሁም ተዉት፣ አቧራውም ጩኸቱም ይገባል። መጸዳጃ ሩቅ ነው ብሎ ውኃ አለመጠጣት ደግሞ በነገብ ሙቀት የኩላሊት ጠጠር መጥራት ነው፤ ስለ መጸዳጃው ከመቀጠራችሁ በፊት ጠይቁ፣ በተለይ ሴቶች።

ከመኪናው ስትወርዱም ፊታችሁን ወደ መሰላሉ አዙሩ፣ ሁለት እጅና አንድ እግር ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ ሁልጊዜ ብረቱን ይንካ። ለረጅም ሰዓት ተቀምጣችሁ የተንቀጠቀጠ ወገብ ይዛችሁ የመጨረሻውን ደረጃ አትዝለሉ።