ፋብሪካ የሚከተለው ትዕዛዝን ነው

ሠራዊት አካባቢን ይጎዳል ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ቦምብና የተቃጠለ ከተማ ነው። በሰላም ጊዜም ግን የጦር አውሮፕላኑና መርከቡ ነዳጅ ያነዳል፤ የመሣሪያ ፋብሪካውም ብረት ያቀልጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ግምት የዓለም ሠራዊቶችና አቅራቢዎቻቸው ከጠቅላላው የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 5.5 በመቶ ያህሉን እንደሚለቁ ይናገራል። ትክክለኛ ቆጠራ ሳይሆን ግምት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1997 በኪዮቶ ስምምነት ድርድር ላይ አሜሪካ ገፍታ ብዙው የወታደራዊ ነዳጅ ፍጆታ ከቆጠራ ውጭ እንዲሆን አድርጋለች። የ2015ቱ የፓሪስ ስምምነትም ጉዳዩን ለመንግሥታት በጎ ፈቃድ ተወው።

የጦር መሣሪያ ምርት ይቀነስ ሲባል የሚነሳው ጥያቄ “የሠራተኛው እንጀራስ?” የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በፊት መልስ ያዘጋጁት ራሳቸው ሠራተኞቹ ነበሩ።

ሉካስ ኤሮስፔስ የአውሮፕላን ክፍሎችን የሚያመርት የብሪታንያ ኩባንያ ሲሆን፣ የሥራው ግማሽ ያህል ከወታደራዊ ትዕዛዝ የሚገኝ ነበር። በ1970ዎቹ የሠራተኛ ቅነሳ ሲያንዣብብ በልዩ ልዩ ማኅበራት የታቀፉ ሠራተኞች አንድ የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው መጀመሪያ ወደ 180 ለሚጠጉ ምሁራንና ተቋማት ጻፈ፤ ረብ ያለው መልስ የሰጡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ ወደ ባልደረቦቹ ተመለሰ፦ ምን ማሽን አላችሁ? ምን ሙያ አላችሁ? ለኅብረተሰቡ የሚጠቅም ምን መሥራት ትችላላችሁ?

በጥር 1976 ይፋ የሆነው ዕቅድ 150 ያህል ምርቶችን ዘረዘረ። የነፋስ ተርባይን፣ ከውጭ አየር ሙቀት ስቦ ቤት የሚያሞቅ መሣሪያ፣ በነዳጅም በባትሪም የሚሄድ ተሽከርካሪ፣ የኩላሊት እጥበት ማሽን ይገኙበታል። ይህ የምኞት ዝርዝር አልነበረም። የአውሮፕላን ክንፍ ከአየር ጋር እንዴት እንደሚታገል ያጠና መሐንዲስ የተርባይን ክንፍ ለመንደፍ ከሀ ሁ አይጀምርም። በአስፋልትም በሐዲድም የሚሄድ አውቶቡስማ ለናሙና ተሠርቶ ተነድቷል።

የኩባንያው አመራር ግን ዕቅዱን አልተቀበለውም። ከአንቀሳቃሾቹ አንዱ የነበረው መሐንዲስ ማይክ ኩሊ በ1981 ከሥራ ተሰናበተ፤ በዚያው ዓመት “አማራጭ ኖቤል” የሚባለውን ሽልማት አገኘ።

ዕቅዱን ያሰናከለው የሙያ እጥረት ካልሆነ ምንድን ነው? አንደኛው ምን ይመረት የሚለውን የመወሰን ሥልጣን ነው፤ አመራሩ ይህን ለሠራተኛ ማጋራት አልፈለገም። ሁለተኛው ገዢ ነው። የጦር መሣሪያ ደንበኛ መንግሥት ነው፤ አስቀድሞ ያዝዛል፣ ብዙ ጊዜ የምርምሩንም ወጪ ይሸፍናል። የቤት ማሞቂያ ገዢዎች ግን ዋጋ አወዳድረው የሚገዙ እልፍ አባወራዎች ናቸው። ያለ መንግሥት ትዕዛዝ የትኛውም ኩባንያ አስተማማኙን ደንበኛ ትቶ ወደ ገበያ ለመውጣት አይቸኩልም።

ለዚህ የቅርብ ማስረጃ በተገላቢጦሹ ይገኛል። በጀርመኗ ጎርሊትዝ ከተማ ለትውልዶች የባቡር ፉርጎ ሲሠራ የኖረ ፋብሪካ የታንክ ክፍሎች ወደ ማምረት እንዲዞር በየካቲት 2025 ስምምነት ተፈረመ። ጀርመን የመከላከያ በጀቷን ስታሳድግ ትዕዛዙ መጣ፤ የፉርጎ በያጅ ታንክም መበየድ እንደሚችል ለማሳመን ማንም ዓመታት አልፈጀበትም። ስለዚህ በሠራተኛውና በአየር ንብረቱ መካከል ጠብ አለ ብሎ ከመከራከር በፊት የመንግሥትን የግዢ በጀት መመርመር ይቀድማል።