ከቁራጮች መካከል እንዳያመልጥ፦ ባለ ሦስት አውታር የአንጎል ኤምአርአይ

የሚጥል በሽታ በመድኃኒት አልገታ ሲል ለአንዳንድ ሕሙማን ቀዶ ሕክምና ተስፋ ይሆናቸዋል። ይሁን እንጂ ሐኪሙ አስቀድሞ የበሽታውን መነሻ ስፍራ ማወቅ ይኖርበታል። መነሻው በአንጎል ቅርፊት እጥፋት ሥር የተሸሸገ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚሆን እንከን ሊሆን ይችላል። የራስ ቅልን ሳይከፍቱ ይህን እንከን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

መልሱ የሚገኘው በገዛ ሰውነታችን ውኃ ውስጥ ነው። በውኃ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጂን ኑክሊየሶች በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ እንደ እንዝርት ይሾራሉ። የማግኔቱ ብርታት 1.5 ቴስላ ሲሆን ድግግሞሻቸው በሰከንድ 64 ሚሊዮን ያህል ይደርሳል። በዚሁ ድግግሞሽ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክባቸው ኃይል ይቀበላሉ፤ ሞገዱ ሲቋረጥ ደግሞ ምልክት ይሰጣሉ። ምልክቱ ከየት እንደመጣ ለመለየት ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ኬሚስት ፖል ላውተርበር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጽሑፍ የማግኔቱ ብርታት ከቦታ ቦታ እንዲለያይ ከተደረገ ድግግሞሹ ራሱ ቦታውን እንደሚጠቁም አሳዩ። በ2003 ከእንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ጋር የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በተለመደው አሠራር አንጎል 5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ተከፋፍሎ ይነሣል። ድፎ ዳቦን በወፍራሙ የቆረጠ ሰው በውስጡ ያለችውን አንዲት ጥቁር አዝሙድ ላያያት ይችላል። በምስሉም እንዲሁ ነው፤ የትንሹ እንከን ምልክት በዙሪያው ካለው ጤናማ ክፍል ምልክት ጋር ተቀላቅሎ ይደበዝዛል።

በባለ ሦስት አውታር ዘዴ ግን የሬዲዮ ሞገዱ መላውን አንጎል በአንድነት ይቀሰቅሳል፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ስፍራም በሦስቱም አቅጣጫዎች ይመዘገባል። ኮምፒዩተር በፉሪየር ስሌት አማካይነት ምልክቱን በየጎናቸው 1 ሚሊሜትር ወደሆኑ፣ ቮክሰል ወደሚባሉ ኩቦች ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ዳግመኛ ሳያስነሣ ምስሉን በፈለገው አቅጣጫ ቆርጦ ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ሙግለርና ብሩክማን ያስተዋወቁት ኤምፒ-ሬጅ የተባለው ዘዴ ከእነዚህ አንዱ ነው። ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ ግብረ ኃይልም በ2019 ለዚህ በሽታ ምርመራ ባለ ሦስት አውታር ምስሎችን እንዲጠቀሙ መክሯል።

ጥቅሙ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ምስሉ በደቂቃዎች የሚቆጠር ጊዜ ይወስዳል፤ ሕመምተኛው ቢንቀሳቀስ የሚበላሸው አንድ ቁራጭ ሳይሆን ምስሉ በሙሉ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከመረጃው ከፊሉን ብቻ ለክተው ቀሪውን በስሌት በማሟላት ጊዜውን ያሳጥራሉ። ያም ሆኖ በምስሉ ላይ እንከን አለመታየቱ ብቻ እንከን የለም አያሰኝም። መሣሪያው የሚያቀርበውን አጥርቶ የሚያነብ የሠለጠነ ዓይን ዛሬም ያስፈልጋል።