የአንጎል ምስልና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሕፃናት እድገት

የሚጥል በሽታ አንድ ዓመት ባልሞላው ሕፃን ላይ ሲከሠት ወላጅም ሐኪምም ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ፤ በሽታው ከምን እንደመጣና ሕፃኑ ወደ ፊት እንደ እኩዮቹ መራመድ፣ መናገርና መማር ይችል እንደሆነ። የአንጎል ምስል ለመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ ይሰጣል፤ ለሁለተኛው ግን መልሱ ከፊል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የሕፃኑ እድገት በምስሉ ላይ በሚታየው ጉዳት ብቻ ሳይሆን ሕክምናው በተጀመረበት ፍጥነትም የሚወሰን ነው። ይህ ጎልቶ የሚታየው ዌስት ሲንድረም በተባለው የሕፃናት የሚጥል በሽታ ላይ ነው።

በሽታው ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከዊሊያም ጄምስ ዌስት ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1841 ላንሴት ለተባለው የሕክምና መጽሔት በጻፈው ደብዳቤ የገዛ ልጁን ሕመም በዝርዝር ገልጾ የሙያ ባልደረቦቹን ምክር ጠይቆ ነበር። ሕፃኑ ጭንቅላቱን ወደ ጉልበቱ በድንገት ደፍቶ ወዲያው ይቃና፣ ይህንንም በሴኮንዶች ልዩነት ከአሥር እስከ ሃያ ጊዜና ከዚያም በላይ ይደጋግም ነበር። ዛሬም ምልክቱ ያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ፣ በተለይም ከእንቅልፉ በሚነቃበት ሰዓት፣ ሕፃኑ እጆቹን ዘርግቶ ወይም ሰብስቦ፣ አንገቱንና ወገቡን አጥፎ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ይኮማተራል፤ ጥቂት ያርፍና ይደግማል። አረፋ መድፈቅም ሆነ ረጅም መንፈራገጥ ስለሌለበት ቤተሰቡ የሆድ ቁርጠት ወይም ተራ ብርገጋ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ አንዳንዴም የጤና ባለሙያው ራሱ በዚያው ይስማማል። በዚህ መካከል ግን የሕፃኑ ፈገግታ ይጠፋል፣ የእናቱን ፊት በዓይኑ መከተሉን ይተዋል፣ መቀመጥ ጀምሮ ከሆነም ያንኑ ያጣዋል።

የመጀመሪያው ምርመራ ኢኢጂ ሲሆን፣ ይህም በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ገመዶች አማካይነት የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። በዌስት ሲንድረም ሞገዱ እጅግ ከፍ ያለና ሥርዓት የለሽ ይሆናል፤ ይህንንም ጊብስ የተባሉት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በ1952 ሂፕሳሪትሚያ ብለው ሰይመውታል። ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ምክንያቱን ለመፈለግ ኤም አር አይ ይነሣል። ኤም አር አይ በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ስለሚሠራ እንደ ሲቲ ስካን ጨረር የለውም፤ ሆኖም ሕፃኑ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ስላለበት ብዙ ጊዜ ማስተኛ መድኃኒት ይሰጠዋል። በምስሉም በወሊድ ጊዜ በኦክስጅን እጥረት የተጎዳ ክፍል፣ ማጅራት ገትር የተወው ጠባሳ፣ ከፅንስ ጀምሮ የተዛነፈ የአንጎል አሠራር፣ ወይም ቱበረስ ስክለሮሲስ የተባለው የዘረ መል በሽታ በአንጎል ላይ የሚፈጥራቸው እብጠቶች ሊታዩ ይችላሉ።

የሕፃን አንጎል ግን ለማንበብ አስቸጋሪ ነው። ማየሊን የተባለውና የኤሌክትሪክ ሽቦን እንደሚሸፍን ላስቲክ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነው ስባማ ልባስ ሕፃኑ ሲወለድ ገና ጅምር ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላ ወደ ፊት እየተስፋፋ ይሄዳል። በዚህ ሽግግር መካከል ግራጫውና ነጩ የአንጎል ክፍል በምስሉ ላይ ተቀራራቢ ጥላ ስለሚይዙ ድንበራቸው ይደበዝዛል፤ በአንጎል ቅርፊት ላይ ያለ ትንሽ መዛነፍም በዚያው ይሰወራል። ስለዚህ በ8 ወር ዕድሜ ችግር አልታየበትም የተባለ አንጎል በሁለት ዓመት ተኩል እንደገና ሲነሣ ጉድለቱን ሊያሳይ ይችላል፤ ሕመሙ በመድኃኒት አልቆም ያለ ሕፃን ምስሉ ሊደገምለት የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው መንገድ የአንጎል ክፍሎች ምን ያህል ስኳር እንደሚጠቀሙ የሚለካው ፔት ስካን ነው። ተመራማሪው ሃሪ ቹጋኒና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ አካሂደው በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ ከተያዙት ሕፃናት መካከል በአንዳንዶቹ አንጎል ላይ ከሌላው ያነሰ ስኳር የሚጠቀም አንድ ውስን አካባቢ አግኝተዋል፤ ይህም ያ ክፍል በቀዶ ሕክምና የሚወጣበትን መንገድ ከፍቷል።

እድገትን በሚመለከት እጅግ የሚያስተምረው በብሪታንያ የተካሄደውና ውጤቱ ከ2004 ጀምሮ የታተመው ጥናት ነው። ሕፃናቱ በዕጣ ተለይተው ገሚሶቹ የሆርሞን ሕክምና፣ ገሚሶቹ ቪጋባትሪን የተባለውን መድኃኒት ወሰዱ። የበሽታቸው ምክንያት ካልታወቀው ሕፃናት መካከል ሆርሞን የወሰዱት በ14 ወራቸውም ሆነ በ4 ዓመታቸው የተሻለ እድገት አሳይተዋል። ከዚህም ሌላ ምልክቱ ከታየበት ቀን እስከ ሕክምናው ያለው ጊዜ ከአንድ ሳምንት ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ ወራት በረዘመ መጠን በ4 ዓመት ዕድሜ የተለካው እድገት ደረጃ በደረጃ ዝቅ ብሏል። በምስሉ ላይ ምንም አልታየም የተባለለት ሕፃን እንግዲህ ፋታ ያለው ሳይሆን፣ በፍጥነት ቢታከም ብዙ ሊያተርፍ የሚችል፣ ቢዘገይም ብዙ ሊያጣ የሚችል ነው።

ለሁሉም እንዲህ ነው ማለት ግን አይቻልም። ቱበረስ ስክለሮሲስ ላለባቸው ሕፃናት ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ቪጋባትሪን ሲሰጥ የመኮማተሩ አደጋ መቀነሱ በአውሮፓና በአሜሪካ ጥናቶች ቢታይም፣ በሁለት ዓመታቸው የተለካው የአእምሮ እድገት በዚያው ልክ አልተሻሻለም፤ ይህም ዘረ መሉ ራሱ በእድገት ላይ የሚያሳርፈውን ጫና መድኃኒቱ ብቻውን እንደማያነሣ ያመለክታል።

ኤም አር አይ በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ብቻ በሚገኝባት ኢትዮጵያ ምስሉ እስኪነሣ ተብሎ ሕክምና ሊዘገይ አይገባም። በተከታታይ የሚኮማተር ሕፃን ያላቸው ወላጆች ሁኔታውን በስልካቸው ቀርፀው፣ ሕፃኑንና ቪዲዮውን ይዘው፣ ሳምንት ሳያሳልፉ የሕፃናት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ፤ ቁርጠት ነው ተብለው ቢመለሱና መኮማተሩ ቢቀጥል ደግሞ ቪዲዮውን ለሌላ ሐኪም ያሳዩ።