ከብረት ገጽ ሥር የሚጓዝ ድምፅ

ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠን ወፍራም ደብተር ከላይ በመዳፋችን ተጭነን ወደ ጎን ብንገፋው ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ ደብተሩም ዘመም ይላል። የፊዚክስ ሊቃውንት «ሺር» የሚሉት ሞገድ በጠጣር አካል ውስጥ የሚያልፈው በዚሁ ዓይነት መንሸራተት ነው። በአየር የምንሰማው ድምፅ ግን የሚጓዘው በመታመቅና በመላላት ነው። በአረብ ብረት ውስጥ የእመቃው ሞገድ በሰከንድ 5,900 ሜትር ያህል ሲጓዝ ሺር ሞገድ 3,200 ሜትር ያህል ይጓዛል።

ይህ እውቀት የሰው ሕይወት የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2000 በእንግሊዝ አገር ሀትፊልድ አጠገብ አንድ ፈጣን ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ 4 ሰዎች ሞቱ። በመንኮራኩሮች ተደጋጋሚ ጫና ከሐዲዱ ገጽ የጀመሩ ጥቃቅን ስንጥቆች ወደ ውስጥ ዘልቀው ብረቱን ሰባብረውት ነበር። ከላይ ወደ ታች የሚላክ አልትራሳውንድ እንዲህ ላለው ስንጥቅ እምብዛም አይመችም። መሣሪያው ድምፁን ከላከ በኋላ ለቅጽበት ራሱ ይንቀጠቀጣልና ከገጹ ሥር የሚመለሰው የገደል ማሚቶ በዚያ ንዝረት ይዋጣል።

ስለዚህ ገጹን ይዞ የሚሄድ ሞገድ ያስፈልገናል። ሎርድ ሬይሊ እንዲህ ያለ ሞገድ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1885 በሒሳብ አሳይተዋል። በሬይሊ ሞገድ ውስጥ እመቃና ሺር ተጣምረው ስለሚሠሩ የብረቱ ቅንጣቶች እንደ እንቁላል ሞላላ መንገድ ይዞራሉ፤ ፍጥነቱም ከሺር ሞገድ ጥቂት ያንሳል። ንዝረቱ ከአንድ የሞገድ ርዝመት ብዙም ሳያልፍ ይከስማል። ድግግሞሹ 2 ሜጋኸርዝ ቢሆን ብረቱን እስከ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ 200 ኪሎኸርዝ ቢሆን እስከ 15 ሚሊሜትር ገደማ ይዳስሳል። ጥልቀት የሌለው ስንጥቅ አጭሩን ሞገድ ሲያግድ ረጅሙ ከሥሩ ሾልኮ ያልፋል። የትኛው እንደታገደ፣ የትኛው እንዳለፈ በማነጻጸር የስንጥቁን ጥልቀት መገመት ይቻላል።

የሬይሊ ሞገድ ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚያንቀሳቅስ ፈሳሽ ሲነካው ጉልበቱን ያፈሳል። መርማሪዎች ዘይት የነካ ጣታቸውን በሞገዱ መንገድ ላይ አሳርፈው ማሚቶው ሲደክም የሚያዩት ለዚህ ነው፤ የማሚቶውን ምንጭ በጣት መፈለግ መሆኑ ነው! ከገጹ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ጎን ብቻ የሚወዛወዘው ሺር ሞገድ ግን ከላዩ ባለ ቀጭን ፈሳሽ እምብዛም አይደክምም፤ ፈሳሽ መንሸራተትን የሚመልስ ጉልበት የለውምና። ችግሩ ሌላ ነው፤ ይህ ሞገድ ወጥ በሆነ ብረት ላይ ገጹን ይዞ አይዘልቅም፣ እየተበተነ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ኦገስተስ ላቭ እ.ኤ.አ. በ1911 መላውን አሳዩ፤ ሺር ሞገድ ዘገም ብሎ የሚጓዝበት ስስ ሽፋን ከላይ ካለ ሞገዱ በሽፋኑ ተይዞ ይቀራል።

ይህን ሞገድ ወደ ብረቱ ማስገባቱም ቀላል አይደለም። ለተራው መሣሪያ በቂ የሆነው ውሃ ወይም ቅባት መንሸራተትን ስለማያስተላልፍ፣ በቤተ ሙከራ በመሣሪያውና በብረቱ መካከል ወፍራም ማር የሚቀባበት ጊዜ አለ። ለረጅም ሐዲድ ግን ማር የሚሆን አይደለም። በማግኔትና በኤሌክትሪክ ጥቅል ሽቦ ብረቱን ሳይነኩ ሞገዱን በውስጡ የሚቀሰቅሱ መሣሪያዎች የተፈለጉት በዚህ የተነሣ ነው።