ባዶ ወንበር ምን ይመሰክራል? የኦክላንድ ቤዝቦል ደጋፊዎች ቅሬታና የክለቡ ሥራ አመራር ውሳኔዎች

መግቢያ

ጁን 13 ቀን 2023 በካሊፎርኒያ ግዛት በምትገኘው የኦክላንድ ከተማ 27,759 ሰዎች የቤዝቦል ጨዋታ ለማየት ኮሊሲየም ወደሚባለው ስታዲየም ገቡ። ቁጥሩ ለብቻው ሲታይ የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የሚደግፉት ክለብ፣ ኦክላንድ አትሌቲክስ፣ በዚያ የውድድር ዓመት በሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ነበር። አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ በዚያው ስታዲየም በተደረገ ጨዋታ የተመዘገበው የተመልካች ቁጥርም 2,064 ብቻ ነበር። በዚያ ምሽት ከገቡት መካከል በሺዎች የሚቆጠሩት «ሽጥ» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ የታተመበት አረንጓዴ ካናቴራ ለብሰው ነበር። መልእክቱ የተላከው ለክለቡ ባለቤት ነው።

ደጋፊዎቹ ዕለቱን «የተገላቢጦሽ አድማ» ብለው ሰየሙት። አድማ በተለመደው ትርጉሙ መቅረት፣ አለመግዛት፣ እጅን መሰብሰብ ነው። እነዚህ ደጋፊዎች ግን ገንዘባቸውን ከፍለውና ወንበሩን ሞልተው አደሙ። የተቆጣ ደንበኛ ለተቆጣበት ድርጅት ለምን ይከፍላል? ይህ አጭር ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ይሞክራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የደጋፊ መቅረት በክለቡ ባለቤት ዘንድ እንደ ተቃውሞ ሳይሆን እንደ ፍላጎት ማጣት በሚተረጎምበት ጊዜ፣ መቅረት የደጋፊው መሣሪያ መሆኑ ያበቃል፤ እንዲያውም በደጋፊው ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጽንሰ ሐሳባዊ መነሻ

የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተመው ሥራ፣ የአንድ ድርጅት አገልግሎት ሲበላሽ ተገልጋዩ ሁለት መንገዶች እንዳሉት ያስረዳል። አንደኛው መውጣት ነው፤ ተገልጋዩ ድርጅቱን ትቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። ሁለተኛው ድምፅ ነው፤ ባለበት ሆኖ ቅሬታውን ያሰማል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ታማኝነት ነው። ታማኝ የሆነ ሰው ለመውጣት ይዘገያል፤ በመዘግየቱም ድምፁን ለማሰማት ጊዜ ያገኛል።

ሂርሽማን ወደዚህ ሐሳብ የመራው አንዱ ምልከታ ከናይጄሪያ የተገኘ ነው። የናይጄሪያ የምድር ባቡር ከጭነት መኪናዎች ጋር ቢወዳደርም አልተሻሻለም። ምክንያቱም ስለ ጥራት አብዝተው የሚጨነቁት ደንበኞች ቀድመው ወደ መኪና ዞሩ፤ ባቡሩም ከሚወቅሱት ሰዎች ተገላገለ፤ የገቢው መቀነስም ከመንግሥት በሚያገኘው ድጋፍ የተነሳ አላስደነገጠውም። ከዚህ ምልከታ የሚገኘው ትምህርት ለኦክላንድም ይሠራል። መውጣት ኃይል የሚኖረው ድርጅቱ የጎደለበት ሲሰማው ብቻ ነው።

የሊጉ አወቃቀርና የተጫዋቾች ስብስብ

የአውሮፓን እግር ኳስ ለሚከታተል አንባቢ የአሜሪካን ቤዝቦል ለመረዳት ሦስት ልዩነቶችን ማወቅ ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው፣ የዋናው ሊግ 30 ክለቦች የተዘጋ ማኅበር መሆናቸው ነው። በመጨረሻ ደረጃ የሚያጠናቅቅ ክለብ ወደ ታችኛው ሊግ አይወርድም፤ በማግስቱ ዓመት በዚያው ስፍራ ይቀጥላል። በመሆኑም ሽንፈት ባለቤቱን ክፉኛ የሚቀጣበት መንገድ ጠባብ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1922 በሰጠው ውሳኔ ቤዝቦልን ከጸረ ሞኖፖል ሕግ ውጭ ማድረጉም ሊጉ ክለቦች የት ከተማ እንደሚኖሩ የመወሰን ሥልጣኑን አጠናክሮለታል።

ሁለተኛው ልዩነት የተጫዋቾች ዝውውር ነው። በእግር ኳስ ተጫዋች በአብዛኛው በገንዘብ ይሸጣል። በቤዝቦል ግን ዋናው መንገድ ተጫዋችን በተጫዋች መለወጥ ነው። አንድ ወጣት ተጫዋች ዋናውን ሊግ ከተቀላቀለ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ያህል የሚከፈለው ለዝቅተኛው ደመወዝ የቀረበ ነው። ዝቅተኛው ደመወዝ በ2023 720,000 ዶላር ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ደመወዙ በግልግል ዳኝነት እየተወሰነ ያድጋል፤ ስድስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ነጻ ሆኖ ከፈለገው ክለብ ጋር ይዋዋላል። ስለዚህ ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ክለብ ተጫዋቹ ነጻ ከመውጣቱ በፊት ሌሎች ርካሽ ወጣቶችን ተቀብሎ ይለውጠዋል። በሒሳብ መዝገብ ላይ ውሳኔው ትክክል ነው። ለደጋፊው ግን አራትና አምስት ዓመት ያሳደገውን ልጅ ልክ ለፍሬ ሲደርስ አሳልፎ እንደ መስጠት ነው።

ሦስተኛው የገቢ ምንጭ ነው። ክለቦች ከትኬት ሽያጭ በተጨማሪ ከብሔራዊ የቴሌቪዥን ውል እኩል ድርሻ ያገኛሉ። በገቢ ክፍፍል ሥርዓትም ከሀብታም ክለቦች የሚሰበሰብ ገንዘብ ለሌሎቹ ይከፋፈላል። በ2022 የተፈረመው የሠራተኛና አሠሪ ስምምነት ኦክላንድን እንደገና የዚህ ክፍፍል ተቀባይ ያደረገው ሲሆን፣ ይህም የተሰጠው እስከ ጃንዋሪ 15 ቀን 2024 የአዲስ ስታዲየም ስምምነት ላይ እንዲደርስ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነበር።

ቁጥብነትና መበተን

የኦክላንድ ደጋፊዎች ቅሬታ ከክለቡ ቁጥብነት ብቻ የመነጨ ነው የሚል ግምት ሊኖር ይችላል። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። በ2002 በሥራ አስኪያጁ ቢሊ ቢን የሚመራው ክለብ የተጫዋቾች ደመወዝ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ የኒው ዮርክ ያንኪስ ደመወዝ በአንጻሩ ከዚህ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ሁለቱም ክለቦች በዚያ ዓመት እኩል 103 ጨዋታ አሸነፉ። ኦክላንድ በተከታታይ 20 ጨዋታ ያሸነፈውም በዚሁ ዓመት ነው። ክለቡ ከአንድ ዓመት በፊት ታላቁን መቺ ጄሰን ጂያምቢን ለያንኪስ ያጣ ቢሆንም፣ በ2002 ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተመልካች ወደ ስታዲየሙ መጥቷል።

የማይክል ሉዊስ «መኒቦል» የተሰኘው መጽሐፍ ይህን ዘመን በ2003 ለዓለም አስተዋወቀ። ለደጋፊው የነበረው ትርጉም ግን ከስታትስቲክስ ያለፈ ነበር። በክለቡና በደጋፊው መካከል ያልተጻፈ ውል ነበረ ማለት ይቻላል፦ «ገንዘብ የለንም፤ ነገር ግን ባለን ሁሉ ለማሸነፍ እንጥራለን»። ደጋፊው የሚወዳቸውን ተጫዋቾች ማጣትን የዚህ ውል ዋጋ አድርጎ ተቀበለው።

ውሉ የፈረሰው ከ2021 የውድድር ዓመት በኋላ ነው። ክለቡ በዚያ ዓመት 86 ጨዋታ አሸንፎ 76 ተሸንፎ ነበር፤ ማለትም ተፎካካሪ ነበር። በኦክቶበር ዋና አሰልጣኙ ቦብ ሜልቪን ወደ ሳን ዲዬጎ ሄደ። በማርች 2022 በጥቂት ቀናት ልዩነት ክሪስ ባሲት ለኒው ዮርክ ሜትስ፣ ማት ኦልሰን ለአትላንታ፣ ማት ቻፕማን ለቶሮንቶ ተሰጡ። በኤፕሪል ሾን ማናያ፣ በኦገስት ፍራንኪ ሞንታስ፣ በዲሴምበር ሾን መርፊ ተከተሏቸው። ውጤቱ በ2022 102 ሽንፈት፣ በ2023 ደግሞ 112 ሽንፈት ሆነ። በ2023 መክፈቻ የክለቡ የተጫዋቾች ደመወዝ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በታች ሲሆን፣ የሜትስ ከ300 ሚሊዮን በላይ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ደጋፊዎቹ ጥፋቱን ለማን እንደሰጡ ነው። በካናቴራው ላይ የተጻፈው ሥራ አስኪያጁ ይባረር የሚል አልነበረም። ተጫዋቾቹን የለወጠው የሥራ አመራሩ ክፍል ቢሆንም፣ ክፍሉ የሚሠራው ከላይ በተሰጠው በጀት ልክ እንደሆነ ደጋፊው ተረድቷል። በመሆኑም ቅሬታው ክለቡን በ2005 ከሉዊስ ዎልፍ ጋር ገዝቶ ከ2016 ወዲህ በዋናነት በያዘው በጆን ፊሸር ላይ አነጣጠረ።

መቅረት ሲተረጎም

ደጋፊው በመጀመሪያ የወሰደው እርምጃ ሂርሽማን እንደሚጠብቀው መውጣት ነበር። በ2019፣ ክለቡ 97 ጨዋታ ባሸነፈበት ዓመት፣ የተመልካቹ ቁጥር ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2022 ወደ 787,902 ወረደ፤ ከሊጉ 30 ክለቦችም የመጨረሻው ሆነ። በተራ ገበያ ይህ የማንቂያ ደወል በሆነ ነበር። በኦክላንድ ግን ደወሉ ሌላ ድምፅ ሰጠ። ክለቡ ወደ ላስ ቬጋስ ለመዛወር ያለውን ፍላጎት ሲያጠናክር፣ ባዶዎቹ ወንበሮች «ይህች ከተማ ቤዝቦል አትፈልግም» ለሚለው ክርክር ማስረጃ ሆኑ። ቡድኑን የበተነው ውሳኔ ተመልካቹን አራቀ፤ የተመልካቹ መራቅ ደግሞ ለመልቀቅ ምክንያት ሆነ።

በኤፕሪል 2023 ክለቡ በላስ ቬጋስ የመሬት ስምምነት ላይ መድረሱን ሲያስታውቅ ደጋፊዎቹ ይህን ዑደት በግልጽ አዩት። የተገላቢጦሹ አድማ የተወለደው ከዚህ ግንዛቤ ነው። መቅረታቸው የተናገረው ያልፈለጉትን ነገር ስለሆነ፣ መገኘትን መረጡ። በጨዋታው አምስተኛ ዙር መጀመሪያ ላይ ስታዲየሙ በሙሉ ሆን ብሎ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎም ቡድኑ ይሸጥ የሚለው ጩኸት በአንድነት ተነሳ። ዝምታው የአንድ ሰው የመምቻ ተራ ያህል ብቻ የቆየ ቢሆንም፣ ለዓመታት በስታዲየሙ የነበረው ጸጥታ የማን እንደሆነ አሳየ። ቡድኑም በዚያ ምሽት ታምፓ ቤይ ሬይስን 2 ለ 1 አሸንፎ ሰባተኛ ተከታታይ ድሉን አስመዘገበ።

የተሰጠው ምላሽ የጽሑፉን መከራከሪያ ያጠናክራል። የሊጉ ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ ከሁለት ቀን በኋላ ስለ ጉዳዩ ሲጠየቁ፣ ለአንድ ምሽት የሊጉን አማካይ የሚያህል ተመልካች መታየቱ ጥሩ ነው የሚል አስተያየት ሰጡ። የድምፅ ተግባር እንደገና ወደ ተመልካች ቁጥር ተመነዘረ። በዚያው ሳምንት የኔቫዳ ግዛት ሕግ አውጪዎች ለአዲሱ ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የሕዝብ ገንዘብ አጸደቁ። በኖቬምበር 16 ቀን 2023 የ30ው ክለቦች ባለቤቶች ዝውውሩን ያለ ተቃውሞ ፈቀዱ።

የክለቡ ወገን ክርክር

ፍትሐዊ ለመሆን የክለቡ ባለቤቶች ያቀረቡትን ምክንያትም ማየት ይገባል። ኮሊሲየም የተከፈተው በ1966 ሲሆን፣ በ2013 የፍሳሽ ቆሻሻ ወደ ተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ገብቶ እስከማጥለቅለቅ ደርሷል። በወደቡ አካባቢ አዲስ ስታዲየም ለመገንባት ከከተማው ጋር ለዓመታት የተደረገው ድርድር አስቸጋሪ ነበር። በቅርጫት ኳስ ዋሪየርስ በ2019 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፣ በአሜሪካ እግር ኳስ ሬይደርስ በ2020 ወደ ላስ ቬጋስ ከኦክላንድ መልቀቃቸውም ችግሩ የአንድ ክለብ ብቻ አለመሆኑን ያመለክታል።

ይህ ክርክር ክለቡ አዲስ ስታዲየም ለምን እንደፈለገ ያስረዳል። ተፎካካሪ የነበረ ቡድን በአሥር ወራት ውስጥ ለምን እንደተበተነ ግን አያስረዳም። ቦታው ያረጀ መሆኑ በ2002ም ሆነ በ2019 ተመልካቹን አላገደውም። በእነዚህ ዓመታትና በ2022 መካከል የተለወጠው ዋናው ነገር ደጋፊው ከክለቡ የሚጠብቀው ተስፋ ነው።

ማጠቃለያ

ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ክለቡ በኦክላንድ የመጨረሻ ጨዋታውን አደረገ። 46,889 ሰዎች ተገኙ፤ ቡድኑም ቴክሳስ ሬንጀርስን 3 ለ 2 አሸነፈ። ከ1968 ጀምሮ ለ57 የውድድር ዓመታት የቆየው ግንኙነት በዚያ ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት ክለቡ የላስ ቬጋሱ ስታዲየም እስኪያልቅ ድረስ በዌስት ሳክራሜንቶ በሚገኝ አነስተኛ የታችኛው ሊግ ሜዳ መጫወት ጀመረ።

በውጤት ከተመዘነ የተገላቢጦሹ አድማ አልተሳካም። ባለቤቱ አልሸጠም፤ ክለቡም አልቀረም። ይሁን እንጂ ለምርምር የሚተወው ትምህርት አለ። በስፖርት ምጣኔ ሀብት የተመልካች ቁጥር የፍላጎት መለኪያ ሆኖ መወሰዱ የተለመደ ነው። የኦክላንድ ጉዳይ ይህ መለኪያ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። አንድ ወንበር ባዶ የሚሆነው ሰውየው ስለማይወድ ሊሆን ይችላል፤ አብዝቶ ስለሚወድና ስለተከፋም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በመዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሆነው ይጻፋሉ። ተመራማሪው ከቁጥሩ በፊት የሥራ አመራሩን ውሳኔዎች በጊዜ ቅደም ተከተል ካላስቀመጠ፣ መንስኤውን በውጤቱ ቦታ ሊያስቀምጥ ይችላል።

ለደጋፊዎቹስ የተረፈ ነገር አለ? ከ2024 ጀምሮ ኦክላንድ ቦለርስ የተባለ አነስተኛ የቤዝቦል ክለብ በዌስት ኦክላንድ በሚገኘው ሬይሞንዲ ፓርክ ይጫወታል። ይህ ክለብ ደጋፊዎች የባለቤትነት ድርሻ እንዲገዙ ዕድል ሰጥቷል። «ሽጥ» ብለው ሲጮኹ የነበሩ ሰዎች በመጨረሻ ራሳቸው ገዢ ሆኑ፤ በሂርሽማን ቋንቋ ሲገለጽ፣ ድምፃቸው ሰሚ ያጣባቸው ደጋፊዎች ድምፅ በውስጡ የተሠራበት ቤት መርጠዋል።