ወፉን አሊ መታው፣ ስሙ ግን የዋላስ ሆነ

የገነት ወፍን በቪዲዮ ያላየ የለም፤ ያ ላባውን ዘርግቶ የሚጨፍረው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ ይህን ወፍ ፍለጋ በ1857 እ.ኤ.አ. ዛሬ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወዳሉት የአሩ ደሴቶች ሄደ።

ለደሴቶቹ ሰዎች ነገሩ ግራ ነበር። ሰውዬው ወፍ ይገዛል፣ ቢራቢሮ ይለቅማል፣ ሁሉንም አድርቆ በሳጥን ያሽጋል። አይበላቸው! ባሕሩ ላይ ሲደርስ ሁሉም ነፍስ ይዘራሉ አይደል ብለው አንድ ሽማግሌ እንደጠየቁት ዋላስ ራሱ ጽፏል። አገሬ እንግሊዝ ይባላል ቢላቸውም አላመኑትም፤ እንዲህ የሚባል አገር የለም፣ እያታለልከን ነው አሉት። እናንተስ ብትሆኑ? ሰውዬው እኮ በስድስት ወር ከ9,000 በላይ ናሙና ነው የሰበሰበው።

ስለ ወፎቹ ግን አዋቂዎቹ እነሱ ነበሩ። ወፎቹ የሚጨፍሩበትን ዛፍ ለይተው፣ እላዩ ላይ የቅጠል መደበቂያ ይሠራሉ። የሚወረውሩት ፍላጻ ጫፉ ሹል ሳይሆን ድቡልቡል ነው፤ ወፉን ያፈዘዋል እንጂ ላባውን በደም አያበላሽም።

በ1858 ደግሞ ባቻን በሚባል ሌላ ደሴት፣ ከቦርኒዮ የመጣው የዋላስ ወጣት ረዳት አሊ አንድ እንግዳ ወፍ መትቶ አመጣ። ሳይንስ የማያውቀው አዲስ የገነት ወፍ ሆኖ ተገኘ። ለንደን ላይ ሴሚዮፕቴራ ዋላሲ የሚል ስም ወጣለት፤ በዋላስ ስም መሆኑ ነው። ዋላስ ግን ወፉን ያመጣው አሊ መሆኑን በመጽሐፉ አልደበቀም።