ነፋሱ ነፃ ነው፤ ገንዘቡ ግን ወለድ አለው

የናፍጣ ጀኔሬተርም የነፋስ ተርባይንም መብራት ይሰጣሉ። ወጪያቸው ግን ለየቅል ነው። ጀኔሬተር ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው በየቀኑ በሚጠጣው ናፍጣ ነው። ተርባይን አንዴ ከተተከለ በኋላ ለነፋሱ ሒሳብ የሚጠይቅ የለም። አብዛኛው ወጪ የሚያልቀው ገና መዞር ሳይጀምር በመሠረቱ፣ በብረቱና በሽቦው ላይ ነው። ታክሲ የሚገዛን ሰው የሃያ ዓመት ቤንዚኑንም ዛሬውኑ ክፈል ብንለው ከመበደር ሌላ ምን አማራጭ አለው? የነፋስና የፀሐይ ኃይልም የሚገነባው እንዲሁ በብድር ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪኩን ዋጋ ከነፋሱ ጉልበት ባላነሰ የሚወስነው ወለዱ ነው።

በቁጥር እንየው። 100 ሚሊዮን ዶላር ተበድረን በየዓመቱ እኩል እየከፈልን በሃያ ዓመት እንጨርሳለን እንበል። ወለዱ 3 በመቶ ከሆነ ዓመታዊ ክፍያው 6.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። 8 በመቶ ሲሆን 10.2 ሚሊዮን ይደርሳል። በ12 በመቶ 13.4 ሚሊዮን ይሆናል፤ ይኸውም የመጀመሪያው እጥፍ ማለት ነው። ተርባይኑ ያው ነው፣ ነፋሱም ያው ነው፤ የተለወጠው አበዳሪው የጠየቀው ወለድ ብቻ ነው። በናፍጣ ጀኔሬተር ላይ ግን የወለድ መጨመር ይህን ያህል አይከብድም፤ የእርሱ ትልቁ ወጪ ነዳጁ ነውና።

የዓለም ኢኮኖሚ ትንበያ ሲነሳ ጋዜጦች የሚያስቀድሙት የዕድገት መቶኛውን ነው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በ2025 መገባደጃ ላይ ለዚያ ዓመት 3.2 በመቶ ተንብዮ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የታዳሽ ኃይልን ዕጣ ማወቅ የሚፈልግ ግን ከዕድገቱ ይልቅ ወለዱን ቢከታተል ይሻለዋል። የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ በ2022 መጀመሪያ ዜሮ አካባቢ የነበረውን ወለድ፣ የዋጋ ንረቱን ለማብረድ ሲል በ2023 አጋማሽ ከ5.25 እስከ 5.5 በመቶ አደረሰው። በዚያው ዓመት የዴንማርኩ ኦርስቴድ ኩባንያ በኒው ጀርሲ የባሕር ዳርቻ ሊተክላቸው የነበሩትን ሁለት ትልልቅ የነፋስ ጣቢያዎች ሰረዘ። ሁለቱ አንድ ላይ ከ2,200 ሜጋዋት በላይ እንዲያመነጩ ታቅዶ ነበር። የዕቃ አቅርቦት መዘግየትም የራሱ ድርሻ ነበረው፤ ነገር ግን ፕሮጀክቱ የታቀደው ገንዘብ ርካሽ በነበረበት ዘመን ነበርና የወለዱን መናር መሸከም አልቻለም።

ባለጸጋ አገር እንዲህ ከሆነ የእኛስ? በመቀሌ አቅራቢያ ያለው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2013 ሲመረቅ አቅሙ 120 ሜጋዋት ነበር፤ የተሠራው በፈረንሳይ ብድር ነው። የአዳማ ሁለቱ ጣቢያዎች፣ 51 እና 153 ሜጋዋት፣ የተገነቡት በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ለኢትዮጵያ ነፋስ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በበጋ የግድቦቻችን ውኃ ሲቀንስ በደንብ የሚነፍሰው እርሱ ነውና። ጸጋው ይኑር እንጂ ገንዘቡ ለእኛ ውድ ነው። በ2014 መጨረሻ ኢትዮጵያ 1 ቢሊዮን ዶላር ከዓለም ገበያ በቦንድ ስትበደር የተስማማችው በ6.625 በመቶ ወለድ ነበር። በዚያው ጊዜ ጀርመን ለአሥር ዓመት የምትበደረው ከ1 በመቶ በታች ነበር። የጀርመን ነፋስ ከአዳማው የተሻለ ሆኖ አይደለም። አበዳሪው የሚያየው የምንዛሬውን መዋዠቅና የአገሪቱን የመክፈል አቅም ነው። ኢትዮጵያ በ2023 መጨረሻ የዚያን ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ስትቀር ደግሞ ጥርጣሬው ይበልጥ ከረረ። ይህን ቀንበር የሚያቀልለው እንደ አሰላው የነፋስ ፕሮጀክት ያለ አሠራር ነው፤ በዚያ የዴንማርክ መንግሥት እርዳታ ከባንክ ብድር ጋር ተዳብሎ ገብቷል።

አረንጓዴ ቦንድ የሚባለውም የተወለደው ከዚሁ የአበዳሪ ስጋት ነው። የስዊድን የጡረታ ፈንዶች ገንዘባቸውን የአየር ንብረት ለውጥን ለሚከላከሉ ሥራዎች ማበደር ፈለጉ፤ የእያንዳንዱን ፕሮጀክት የኪሳራ ስጋት ግን መሸከም አልፈለጉም። በ2008 የዓለም ባንክ ከስዊድኑ ኤስ.ኢ.ቢ. ባንክ ጋር ሆኖ መላ አበጀ። የዓለም ባንክ በራሱ ስም ይበደራል፣ በራሱ ስም ይከፍላል፤ ገንዘቡን ግን ለይቶ ለተመረጡ ሥራዎች ብቻ ያውላል፣ የት እንደዋለም ሪፖርት ያደርጋል። ለጡረተኛው ተጠያቂው ባንኩ እንጂ ተርባይኑ አይደለም። ወለዱም በዚሁ ምክንያት ዝቅ ይላል።

እንዲህ ከታየ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ስሙ ባይሰጠውም ሥራው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከ2011 ጀምሮ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ በውጭ ያለው ወገን ከላቡ እየቆረጠ ገዛ፤ ገንዘቡም ለአንድ ለታወቀ የውኃ ኃይል ግንባታ ዋለ። ነገር ግን በብር የገዛው ሰው የሚያገኘው ወለድ ከዋጋ ግሽበቱ እጅግ ያነሰ ነበር፤ በ2022 ግሽበቱ ከ30 በመቶ አልፏል። ርካሽ ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም፤ ልዩነቱን የሸፈነው ቦንድ ገዢው ነው። በ2025 ግድቡ ሲመረቅ ይህ ውለታ በደንብ ሊነገር ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የግል ቁጠባችንስ ወዴት ይሄዳል? አሜሪካ የሚኖረው አንባቢ መሥሪያ ቤቱ በሚያቀርብለት የጡረታ ቁጠባ፣ ፎር-ኦ-ዋን-ኬ በሚሉት፣ «ሰስተነብል» (ዘላቂ) የሚል ፈንድ ያያል። ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፈንዱ የሚገዛው በገበያ ላይ ያለ አክሲዮን ከሆነ ገንዘቡ የሚሄደው አክሲዮኑን ለሸጠው ሰው ነው፤ ለኩባንያው አዲስ ተርባይን አይገዛለትም። አዲስ የወጣ ቦንድ ወይም አዲስ የቀረበ አክሲዮን ሲገዛ ግን ገንዘቡ ቀጥታ ሥራው ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያው ዋጋ የለውም አልልም፤ ባለ አክሲዮን በኩባንያው ስብሰባ ድምፅ አለው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መሸጥ ግን ደንበኛን ማሳሳት ነው። የጀርመኑ ዲ.ደብሊው.ኤስ. የኢንቨስትመንት ኩባንያ አካባቢንና ማኅበረሰብን እያገናዘብኩ ነው ገንዘብ የማፈሰው እያለ ሲያስተዋውቅ የነበረውን በተግባር ባለማዋሉ፣ በ2023 ለአሜሪካ የገበያ ተቆጣጣሪ 19 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል።

ስለዚህ ፈንድ ስትመርጡ ስሙን ትታችሁ የያዛቸውን አሥር ትልልቅ ድርጅቶች ዝርዝርና በየዓመቱ የሚቆርጠውን ክፍያ ተመልከቱ፤ ሁለቱም በሰነዱ ላይ ይገኛሉ። አረንጓዴ ቦንድ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ገንዘቡ የት እንደሚውል፣ ማን እንደሚመረምረው፣ ሪፖርቱ መቼ እንደሚወጣ በጽሑፍ ጠይቁ። በውጭ ያላችሁና የመምረጥ መብት ያላችሁ ወገኖች ለተመራጮቻችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩላቸው። በ2024 ባኩ ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ለታዳጊ አገሮች የሚሰባሰበው ገንዘብ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር እንዲደርስ ግብ ተቀምጧል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ እርዳታ ነው፣ ስንቱ ብድር ነው፣ ብድሩስ በስንት ወለድ ነው?